አቶ ወልዴ የአየርላንዶችን ዳቦ የኛ ያደረጉ ዕለት

በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ፣ ሐበሻ በሰፈረበት በእያንዳንዱ የአፓርትመንት ግቢ ውስጥ፣ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከየት እንደ መጣ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኖራል። የመጣውም ከእኛ ነው፤ ሌላ ምንጭ የለም። ይህ ሰው መጽሐፍ አያገላብጥም፣ ማስረጃም አይጠይቅም። ነገሩን አንድ ጊዜ ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም «ይሄማ የኛ ነው እኮ!» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል።

ከዳላስ አጠገብ ባለችው አዲሰን ውስጥ፣ ተማሪው ጥዑመልሳን በሚኖርበት ግቢ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ወልዴ ናቸው። አቶ ወልዴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መንገደኛው ከየትም አገር ይምጣ፣ ያገሩ ምግብ፣ ዘፈንና ጫማ በመጀመሪያ የማን እንደ ነበረ ሳይነገረው ከመኪናቸው የወረደ የለም። የሜክሲኮዎቹ ታኮ የኛ ነው፤ እንጀራ አይተው ነው ያጠፉት። ዮጋ የኛ ነው፤ «ስግደት ነው እኮ፣ ምንጣፍ ጨመሩበት እንጂ!» ቀንዳቸው ከመኪና መንገድ የሚሰፋው የቴክሳስ ከብቶች እንኳ አላመለጡም። «ቀንዱን አየኸው? የራያ በሬ ነው። ማን እንዳሻገረው ነው የማይታወቀው።»

ይሁን እንጂ አቶ ወልዴ የማይጥሱት ሕግ አላቸው፦ የተበላሸ ነገር የኛ ሆኖ አያውቅም። የሐምሌ ሙቀት የነሱ ነው። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ጩኸት የነሱ ነው። የመኪና ኢንሹራንስ፣ ያለ ጥርጥር፣ የነሱ ነው። የኛ ከተባለ ነገር ላይ እንከን የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ «እሱን እነሱ ናቸው ያበላሹት።»

እዚሁ ተወልዳ ያደገችውና ሆስፒታል የምትሠራው ልጃቸው ልዩ፣ «አባዬ፣ ፕሊስ፣ ጎግል አድርገው በቃ» ትላቸዋለች።

«ጎግልስ ከየት ያመጣዋል? ከሰው ሰምቶ ነው» ይላሉ አቶ ወልዴ።

ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ጥዑመልሳን ግን ምንም ነገር የማን እንደ ሆነ በእርግጠኝነት ተናግሮ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ተስፋቸው ትልቅ ነበር። ልጁ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመናገሩ በፊት በልቡ ሦስት ጊዜ የሚያርም፣ አርሞ ሲጨርስም ጨዋታው ሌላ ርዕስ ላይ ደርሶ የሚያገኘው ተማሪ ሆነ። ዴንተን ባለው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናል። በዚያ መጋቢት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የፕሮፌሰር ዶኔሊ የድጋፍ ደብዳቤ። ደብዳቤው እስከ ዓርብ ካልገባ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ሊያገኘው የነበረው የበጋ ሥራ ለሌላ ሰው ያልፋል፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ከመዋል የበለጠ የተመኘው ነገር አልነበረም። ደብዳቤውን ለመጠየቅ ሰባት ኢሜይል ጻፈ፤ አንዱንም አልላከም። አንዱ በጣም ስላጠረ ድፍረት መሰለው። አንዱ በጣም ስለ ረዘመ ልመና መሰለው። የቀሩትን አምስቱን ለምን እንዳልላከ ለራሱም ግልጽ አልሆነለትም።

ፕሮፌሰሯ አያት ቅድመ አያታቸው ከአየርላንድ ናቸው። አንድ ቀን ስለ ስደተኞች ምግብ ሲያስተምሩ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ እውነተኛ የሶዳ ዳቦ አልበላሁም። ሱቅ ያለው ዘቢብና ስኳር የሞላበት ኬክ ነው» ብለው ነበር። ጥዑመልሳን ይህን በማስታወሻው ጥግ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ኢሜይል ያልቻለውን ምናልባት ዳቦ ይችል ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስቤዛውን አንጠልጥሎ ሲመለስ፣ አቶ ወልዴን ፖስታ ሳጥኑ ዘንድ አገኛቸው።

«ምን ይዘሃል?»

«ምንም... ዱቄት ነው ጋሼ። የአየርላንዶች ዳቦ ልጋግር ብዬ።»

«የማን?»

«የአየርላንዶች።»

አቶ ወልዴ ሳጥናቸውን ቆለፉ፤ ቁልፉንም ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። «እስቲ ንገረኝ። ምን ምን ይገባበታል?»

«ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከዚያ ይሄ...» ካርቶኑን አሳያቸው። «ተንጦ ቅቤው የወጣለት ወተት ነው።»

«አሬራ!»

«እ... አዎ። አሬራ ነው መሰለኝ።»

«እርሾስ?»

«የለውም።»

«ሶ፣ ቂጣ በአሬራ። ኦኬ፣ ቀጥል።»

«ከዚያ ከላዩ በቢላ መስቀል ይሰመርበታል።»

በአቶ ወልዴ ፊት ላይ የጠፋ ዘመዱን በድንገት ያገኘ ሰው መደነቅ ታየ። «መስቀል» አሉ በቀስታ። «ዳቦው ላይ። መስቀል።»

«አዎ፤ መጽሐፉ ምክንያቱን ሲገልጽ አንድም ሙቀቱ መሐሉ እንዲደርስ፣ አንድም መናፍስቱ እንዲወጡ...»

«ይሄማ የኛ ነው እኮ!» አሉና ከረጢቱን ተቀብለውት ደረጃውን ቀድመውት ወጡ።

ጥዑመልሳን ከቤተ መጻሕፍት ሁለት መጽሐፍ ተውሶ ነበር። አንደኛው ዘቢብ የገባበት ዳቦ ከቶ የአየርላንድ ሊባል አይችልም ይላል። ሁለተኛው፣ በሽፋኑ ላይ «ባህላዊ» የሚል ተጽፎበት፣ ዘቢብም እንቁላልም ያስገባል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚታመን ከጧት ጀምሮ ሲያሰላስል ውሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሊቅ እጅጌአቸውን እየሰበሰቡ ወጥ ቤቱ መሐል ቆመዋል። ሁለቱ መጻሕፍት የተስማሙበት ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ሶዳው አሬራውን እንደ ነካ ሥራ ስለሚጀምር፣ ሊጡ ሳይታሽ ወዲያውኑ ምድጃ መግባት አለበት።

«ሊጥ ሳይታሽ?» አሉ አቶ ወልዴ።

«አይታሽም ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«የማን ሊጥ ነው የማይታሸው? ዞር በል።»

ሩብ ሰዓት ሙሉ አሹት። አስተሻሸታቸው ሊጥ እንደሚያሽ ሰው ሳይሆን ሊጡ ላይ ቂም እንዳለው ሰው ነበር። ከዚያ ግንባራቸውን በክንዳቸው ጠርገው፣ «አሁን ይረፍ» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ ‹ወዲያውኑ› ይላል።»

«የነሱ ጥድፊያ ነው! ሰው ከሥራ ሲገባ አረፍ አይልም? ሊጥም እንደዛው ነው።»

ጥዑመልሳን እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ሶዳ ግን ጊዜ በተሰጠው ቁጥር ጉልበቱ እንደሚያልቅ የሚያስረዳ አንድ የተሟላ ዓረፍተ ነገር በልቡ አዋቀረ። አረመው። ደግሞ አረመው። ሊናገረው አፉን ሲከፍት፣ ሊጡ በአቶ ወልዴ ጃኬት ተጠቅልሎ፣ ፀሐይ ላይ በቆመችው ካምሪ መኪናቸው የኋላ መስታወት ሥር ተቀምጦ ነበር።

ሁለት ሰዓት አረፈ። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አቶ ወልዴ፣ የመንገደኛ ምስጢር በማውጣት በተካነ ጥበባቸው፣ የደብዳቤውን ነገር ከነሰባቱ ኢሜይል ከልጁ አፍ አወጡት።

ወደ ምድጃው ሲያስገቡት ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ልቅመሰው እንዳልል ጾም ነው፣ አሬራ አለበት። አንተስ ትጾማለህ?»

«እ... እየሞከርኩ ነው።»

«ሙከራ የሚባል ጾም የለም።»

ዳቦው እንደ ገባ ወጣ፤ አንዲት ጣት እንኳ አልጨመረም። መልኩ አልከፋም፣ መስቀሉም ቀጥ ብሎ ያምራል። መጽሐፉ የበሰለ እንደ ሆነ ሥሩን ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል ስለሚል፣ ጥዑመልሳን አንኳኳው። ልዩ፣ ከሥራ ገብታ አባቷን ፍለጋ መጥታ ኖሮ፣ በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

«ከውስጥ ሰው በሩን ኖክ ያደረገ መሰለኝ።» ዳቦውን አነሣችው፤ ክንዷ ዝቅ አለ። «አባዬ፣ ይሄ ፉድ ነው ወይስ ዌፐን?»

አቶ ወልዴ ሕጋቸውን አልሳቱም። «ሶዳው ነው» አሉ። «ሶዳው የነሱ ነው።» በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው፣ «ነገ እኔ አደርስሃለሁ» አሉት።

ዓርብ ጠዋት ጥዑመልሳን ባዶ እጁን ለመሄድ ወስኖ ነበር። መኪናው ጋ ሲደርስ ዳቦው በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ከፊት ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮለት አገኘው። እሱ ከኋላ ተቀመጠ። ዴንተን ሲደርሱ፣ «እዚሁ ይጠብቁኝ፣ ጋሼ» ብሎ ለመናቸው።

«ፓርክ ላድርግና እመጣለሁ» አሉ፤ መጡም። ሦስት ፎቅ ዳቦውን ታቅፈው ወጡ።

ፕሮፌሰር ዶኔሊ ፎጣው ሲገለጥ መስቀሉን አዩ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። ከመሳቢያቸው የፍራፍሬ ቢላ አውጥተው ዳቦው ላይ አሳረፉት። ቢላው ተንሸራተተ። ደገሙት። በዚህኛው አንድ ስስ የብረት ድምፅ ተሰማ። ቢላውን አስቀመጡና ሁለቱን በየተራ ተመለከቱ።

«ማነው የጋገረው?»

ጥዑመልሳን በዚያች ቅጽበት በልቡ ስምንተኛውን ኢሜይል ማረም ጀምሮ ነበር። የአቶ ወልዴን ሕግ ያውቃል። «እነሱ ናቸው ያበላሹት» የሚለው ብይን እየመጣ እንደ ሆነም ያውቃል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ «እነሱ» ሊባል የሚችለው ደግሞ ወይ ደብዳቤውን የሚጽፉት ሴት ናቸው፣ ወይ ራሱ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ግራ ገባው።

አቶ ወልዴ ኮፍያቸውን አወለቁ። በዚያ መንገደኛ ሲያስተናግዱበት በኖሩት ዝግ ያለ እንግሊዝኛቸው፣ «እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ መጽሐፉን አንብቦ ነበር። አይታሽም፣ አያርፍም ብሎኛል። እኔ ነኝ ያሸሁት፣ እኔ ነኝ ያሳረፍኩት። ይሄ የተበላሸው ዳቦ የኛ ነው።» ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት። «ልጁም የኛ ነው። አይናገርም እንጂ ደብዳቤ ሊጠይቅዎት ነው የመጣው። ቀኑ የሚያልቀው ዛሬ ነው።»

ጥዑመልሳን ወለሉን አየ። ፕሮፌሰሯ ዳቦውን አየት አድርገው በሳቅ ፈነዱ።

«እናቴ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጋግራ ለውሻው ብንሰጠው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «የግርጌ ማስታወሻው ከጽሑፉ የሚረዝመው ተማሪ አንተ ነህ?»

«እ... አዎ። ይቅርታ።»

«መቼ በሬን ታንኳኳለህ ብዬ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት። ተቀመጥ።»

ደብዳቤው ከምሳ በፊት ገባ። ዳቦው እስከ ዛሬ የፕሮፌሰሯን ወረቀቶች ከነፋስ ይጠብቃል።

ሲመለሱ ጥዑመልሳን ከፊት ተቀመጠ። ምስጋናውን ሲያርም ሲያርም መንገድ ላይ ያለችውን የሉዊስቪልን ከተማ አለፉ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ያንን ዳቦ እኮ የኛ ነው አሉት» ብቻ አለ።

«ምን ላድርግ» አሉ አቶ ወልዴ መንገዱን እያዩ፤ «መስቀል አለበት።»

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጥዑመልሳን በሩን ቆልፎ ብቻውን ጋገረ። አላሸውም፣ አላሳረፈውም። ዳቦው አበጠ፣ በመስቀሉ መስመርም ፈንድቶ ተከፈተ። ግማሹን ይዞ ወደ አቶ ወልዴ ወረደ። እሳቸውም ቅቤ ቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጅግ ረጅም ጊዜ አኘኩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ትንሽ ቢያርፍ ኖሮ ግን!»

ይህን ጊዜ ልዩ ከነሥራ ልብሷ ገባች፤ ሳትጠይቅ አንድ ቁራሽ አንሥታ ጎረሰች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄ በጣም ይጣፍጣል! ምንድነው? የማን ነው?»

አቶ ወልዴ አፋቸው ሞልቶ ነበር፤ በጃቸው ወደ ጥዑመልሳን ጠቆሙ። ጥዑመልሳን እውነቱን ያውቀዋል። ሁለት መጽሐፍ አንብቧል፤ ሶዳው አየርላንድ የገባበትን ዘመን እንኳ ሊነግራት ይችላል። ዓረፍተ ነገሩን በልቡ ጀመረ፣ ማረምም ቃጣው፤ ከዚያ ሳይጨርሰው ተወው።

«ይሄማ» አለ፣ «የኛ ነው እኮ!»

የትኞቹን «እኛ» ማለቱ እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ ለራሱም ግልጽ አልሆነለትም።