የዲንካርራኦ ካካ አርብ

በህንዷ ኮልሃፑር ከተማ፣ ቤተ መቅደስ፣ ያረጀ ትግለኛና ፊልም ፕሮዲዩሰር የሌለበት ሰፈር የለም። ቤተ መቅደሱ ማታ ማታ ይዘጋል፤ ትግለኛውም ጉልበቱ ሲከዳው አርፎ ይቀመጣል። ፕሮዲዩሰሩ ግን እስትንፋሱ እስካለች ድረስ አያርፍም፤ ጎረቤቱንም አያሳርፍም።

የእኛ ሰፈር ዕጣ ክቡር ዲንካርራኦ ሳርናይክ ናቸው። ትንሽ ትልቁ “ካካ”፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። “እኔ ነጻ ፕሮዲዩሰር ነኝ፤ አለቃ የለብኝም” ማለት ይወዳሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከባለቤታቸው ከኢንዱማቲ በቀር የሚያዛቸው የለም። አዲስ ፊልም ሲኒማ ቤት የሚገባው አርብ አርብ ስለሆነ፣ “ካካ፣ የእርስዎ ፊልም መቼ ነው?” ብሎ ለሚያሾፍባቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ “የእኛም አርብ ይመጣል!”

ስንትና ስንት አርብ አለፈ መሰላችሁ! በመጀመሪያው ፊልማቸው መሪ ተዋናዩ ሥራውን መሃል ላይ ጥሎ ሚስት አገባ። ካካ ምን ተዳቸው! የቀረውን በፀጉር አስተካካያችን ጀርባ ቀረጹት። ከዚያ በኋላ ጀግናው ፊቱን አያሳይም፤ ፍቅሩን የሚገልጸውም ለግድግዳ ነው። ቀጥለው የድርቅ ታሪክ ጀመሩ። ያን ዓመት ሰማዩ ተቀዶ አልዘጋ ስላለ፣ ታሪኩ የጎርፍ ሆነ። ሁለቱንም ፊልሞች ከእኛ ሌላ ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

ተዋናይ የሚመለምሉት ከውሃ ቧንቧ ሰልፍ ነው። የእኔ ሳሎን አንዴ ሆስፒታል፣ አንዴ ፍርድ ቤት ሆኗል፤ ሚስቴ ምስር እየለቀመች ከኋላዋ አንድ ሰው ሞት ተፈርዶበታል። በሦስተኛው ፊልም እኔንም አልማሩኝም።

“አንተ ፊትህ ለሬሳ የተሠራ ነው” አሉና የሟች አጎት አደረጉኝ።

ሞቼ ተጋደምኩ። ወተት ሻጯ ጋንጉባይ የሟች ሚስት ሆና ደረቴን እየደቃች ታለቅስብኝ ጀመር። ክንዷ የቤት ጎሽ ሲያልብ የኖረ ክንድ ነው።

“ኧረ ቀስ በይ!” አልኳት።

“አንተ ሬሳ፣ ዝም በል!” አሉኝ ካካ ከካሜራው ኋላ።

ኢንዱማቲ ግን መሳቅ ትታለች። “ይሄኛው በአንድ ቀን ከሲኒማ ቤት ከወረደ” አለቻቸው፣ “ሰኞ ጠዋት የወንድሜ ሱቅ ገብተው የሸንኮራ ስኳር ይመዝናሉ። ፊልም የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይነሳም። ይማሉልኝ!” ካካም በከተማችን እንስት አምላክ በአምባባይ ስም ማሉ። በእሷ ስም ምሎ የሚያፈርስ ኮልሃፑሬ የለም።

ከፑኔ ከተማ የመጣው የፊልም ኤዲተር ፊልሙን አይቶ ራሱን ያዘ። “ካካ፣ ሦስት ሰዓት ፈጅቷል። እነዚህን ጎረቤቶችዎን ቆርጠን እንጣላቸው።”

“ጋንጉባይን ቆርጬ ነገ በምን ዓይኔ ከእሷ ወተት ልገዛ ነው? ተው ልጄ፣ ማንም አይቆረጥም።”

“ሬሳውን እንኳ ያውጡት፤ ሲተነፍስ ይታያል” አልኩ እኔም ለራሴ ክብር ብዬ።

“ሬሳዬን አትንኩብኝ!” ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ካካም አልለቀቁም።

አርብ ደረሰ። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የሰጣቸው የቀትሩን ትርኢት ብቻ ነው፤ አዳራሹ ግማሽ ካልሞላ ማታ በሙምባይ ትልቅ ፊልም ሊተካው። ካካ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ለመልካም ጅማሬ እንደ አገራችን ወግ በር ላይ ኮኮናት ሰበሩ። የቲኬት መስኮቱ ላይ ከዝንብ በቀር ማንም የለም። ቀትር ሲቃረብ ወደ እኔ ጠጋ ብለው “እንግዲህ ሚዛን መያዝ ልማር ነው” አሉኝ ቀስ ብለው። አንጀቴን በሉት።

ይሄኔ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ጋንጉባይ! ጎሾቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ልጆቿን፣ አማቾቿን፣ የአማቾቿን አማቾች ተጎታቹ ላይ ጭና መጣች። ገና ሳትወርድ “ቆረጣችሁኝ እንዴ?” ብላ ጮኸች።

“ማንም አልተቆረጠም!” አሉ ካካ።

ከእሷ ኋላ ፀጉር አስተካካዩ አብረውት ትግል የሚገጥሙ ጓደኞቹን አግተልትሎ መጣ። ከዚያ የቧንቧው ሰልፍ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ፊቱን ሊያሳይ ዘመዱን እየጎተተ። አዳራሹ ጢም አለ። አንድ ጎረቤት ስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ፉጨቱ ጣሪያ ያነሳል፣ ለአድናቆት ሳንቲም ይወረወራል። እኔ ስታይማ “ይተነፍሳል! ሬሳው ይተነፍሳል!” ብለው አዳራሹን አናወጡት። ጋንጉባይ ብቻ ወንበሯ ላይ ሆና እንደገና አለቀሰችልኝ።

ሥራ አስኪያጁ የማታውንም ትርኢት ለካካ ሰጣቸው፤ የቅዳሜና የእሁዱንም ጨመረ። ኢንዱማቲ ዓይኗን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችና “ወንድሜ ሌላ ሰው ይቅጠር” አለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ስንወጣ ካካ ትከሻዬን ያዙ። “ለሚቀጥለው ፊልም አስቤሃለሁ።”

“ካካ፣ ሬሳነት በቃኝ።”

“የለም፣ የለም። በዚህኛው በሕይወት አለህ። ትናገራለህም።”

ምን ላድርግ? ዓይኔን በጨው አጥቤ “ብዙ እናገራለሁ?” አልኳቸው።

ቀረጻው ሐሙስ ይጀመራል። ኮኮናቱን የምገዛው እኔ ነኝ።