የሃኩታካ ለቅሶ በሲልቨር ስፕሪንግ

ለቅሶ ቤት ገብቶ «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብሎ ሐዘንተኛውን የሚጠይቅ አበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። እኛ መጀመሪያ እናለቅሳለን። የሟቹን ማንነት ቀስ ብለን፣ ወደ መኪናችን ስንመለስ፣ አብሮን የሚሄደውን ሰው እንጠይቃለን። ሌላው ዓለም ይህን ቢሰማ ይስቅብን ይሆናል፤ እኔ ግን ከሥልጣኔያችን ሁሉ አብልጬ የምኮራው በዚህ ነው። ሐዘንተኛን መታወቂያ አሳይ አንልም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 መጋቢት ላይ የሆነው ነገር ግን ይህን ኩራቴን ክፉኛ ፈትኖታል።

ያኔ እዚህ አሜሪካ የሲልቨር ስፕሪንግ እድር ሰብሳቢ ነበርኩ። ሰብሳቢ ስል ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ድንኳን የለው፣ ጡሩምባ ነፊ የለው፣ በአንዲት ቴክስት ብቻ ሰውን ከሥራ የሚያስወጣ ሹመት ነው። ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ በአሌክሳንድሪያም እድር አለ፤ ሰብሳቢው አቶ ደምሴ ይባላሉ። እሳቸው በየሰርጉና በየክርስትናው የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ለቅሶ አያውቅም፣ አበባ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሮጣል እያሉ ያሙናል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሁለቱ እድሮች ይዋሃዱ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ ማን በማን ሥር ይግባ የሚለው ጉዳይ ገና አልተቆረጠም ነበር። እኔ በአሌክሳንድሪያ ሥር ከምገባ እድር ባይኖረኝ ይሻለኛል። በአጭሩ አንድ የሚታይ ለቅሶ አስፈልጎን ነበር። ሰው ይሙት ብሎ ተመኘ እንዳትሉኝ፤ የሞተ እንደሆነ ግን በደንብ እንዲለቀስለት ፈለግሁ።

አርብ ጠዋት ባለቤቴ አልማዝ ከአዳር ሥራ ስትመለስ የጎረቤታችን የሚስተር ሃያሺ በር ገርበብ ብሎ አየች። ሚስተር ሃያሺ ጡረታ የወጡ ጃፓናዊ ናቸው። ሮክቪል ለምትኖረው ልጃቸው ቀረብ ልበል ብለው ወደ ሕንጻችን የገቡ፣ ሊፍት ውስጥ እጅ ከመንሳት በቀር ማንንም የማያስቸግሩ ሰው። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ፎቶና አበባ አስቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ምነው ብትላቸው፣ ሃኩታካ ዛሬ አበቃ፣ እዚያ አገሩ ሁሉ ወጥቶ እየሸኘው ነው፣ እኔ ግን እዚህ ብቻዬን ቀረሁ አሏት። ከዚህ በላይ ምን ትጠይቅ? ወንድማቸው ይሁን የአጎታቸው ልጅ ማጣራት የእኛ ወግ አይደለም። እቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «እድሩን ኮል አድርግ፤ ሰውየው ሰው የላቸውም» አለችኝ።

ኮል አደረግሁ። አሌክሳንድሪያንም ጠራሁ። አቶ ደምሴ በዓይናቸው ይዩልኝ ብዬ ነው፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሁዳዴ ስለነበር ሽሮውም ምስሩም በየትሪው ሆኖ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አቶ ደምሴ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ ዞረው ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ይዘው ደረሱ። ሚስተር ሃያሺ ይህን ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ በራቸው ላይ ሲያዩ ለጊዜው ቢደነግጡም ወዲያው እጅ ነሡ። እኛም አጎንብሰን እጅ ነሣን፤ እሳቸው ደገሙ፤ እኛም ደገምን። ሁለት ጨዋ ሕዝቦች ሲገናኙ ሶፋው ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ፎቶው ላይ አንድ ወጣት የደንብ ልብስ ለብሶ ባቡር ፊት ቆሟል። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉትና የእድራችን አልቃሽ የሆኑት ወይዘሮ ዘነበች ፎቶውን ገና ሲያዩ፣ «ምን የመሰለውን ሸበላ ነው አፈር የበላው» ብለው አወጡት። ቤቱ ተቀበለ። ሚስተር ሃያሺም አብረው አለቀሱ። አቶ ደምሴን በጎን ሳያቸው መሐረባቸውን አውጥተዋል፤ በልቤ ይኸው ለቅሶ አልኩ።

ጥቂት ቆይተው አቶ ደምሴ ለማጽናናት ተነሡ፤ እኔም ላስተረጉም አጠገባቸው ቆምኩ። ማለፊያ አድርገው ተናገሩና ሲጨርሱ ሟች ስንት ዓመታቸው ነበር ብለህ ጠይቅልኝ አሉኝ። ሚስተር ሃያሺ አሰብ አድርገው፣ የመጀመሪያው ጊዜ አሥራ ሰባት፣ ሁለተኛው ጊዜ አሥራ ስምንት አሉ። ይህን ስተረጉም ለካስ ሁለት ልጆች ናቸው ተባለና ቤቱ በዋይታ ተናጠ። በሐዘናችን የተበረታቱት ሚስተር ሃያሺ ቀጠሉ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በሰዓት አንድ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር አሉ።

እስቲ እናንተ ተርጉሙት። ዘወር ብዬ ፎቶውን አስተዋልኩት። አፈር የበላው ሸበላ ሻይ የሚቀዱልን ሚስተር ሃያሺ ናቸው፤ ሟቹ ከኋላቸው የቆመው ነው።

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ግን ሐዘንተኛው ዓይን ዓይኔን እያዩኝ እንዴት ልዋሽ? ጉሮሮዬን ጠርጌ ሟቹ ባቡር መሆኑን አስታወቅሁ። ሰው ሁሉ ወደ ፎቶው ዞረ። ወሬው እስከ ማታ ዊተንና አናንዴል ያለውን አበሻ ሁሉ እንደሚያዳርስ፣ እድራችንም በአሌክሳንድሪያ ሥር እንደሚገባ ታየኝ። አቶ ደምሴ ከንፈራቸውን ነክሰው ኮርኒሱን ያያሉ።

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። «ታዲያ ባቡር ቢሆንስ?» አሉ። «እኔን አባቴ ያሳደገኝ በባቡር እንጀራ ነው። የኛ ባቡር ቆሞ ሲቀር ማን ለቅሶ ደረሰው? ሐዲዱ ላይ ፍየል ሲተኛበት እያየን ዝም አልን። እኚህ ሰው ግን ጥቁር ለብሰው ተቀመጡለት።» ይህን ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ቅድም ያለቀሱት በአልቃሽነታቸው ነበር፤ አሁን የራሳቸውን ነው። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ሕዝቤን እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።

አሟሟቱን መጠየቅ ስለማይነወር እንዴት ሞቱ ተባለ። ሚስተር ሃያሺም ተረኩልን። ሃኩታካ ማለት ነጭ ጭልፊት ነው፤ በጥንት ጊዜ አንድን አዳኝ እየመራ ቅዱስ ተራራ ላይ አወጣ የሚባለው ነው። ባቡሩ በመጀመሪያ ሕይወቱ ከቶኪዮ ተነሥቶ፣ በረዶ አገር አቋርጦ፣ በባሕሩ ዳርቻ ያለችው ካናዛዋ ከተማ ይገባ ነበር። በ1982 ሺንካንሰን የሚሉት ፈጣን ባቡር መጣና ገደለው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ተራራ ሰንጥቆ የሚያልፍ አዲስ መስመር ሲከፈት በዚያው ስሙ ተነሣ፤ ከሺንካንሰን የወረደውን መንገደኛ ተራራው ሥር ተቀብሎ ካናዛዋ ያደርስ ጀመር። በዚያች ጠባብ ሐዲድ ላይ እንደ እሱ የሚሮጥ በጃፓን ምድር አልነበረም። ይህን ሲናገሩ ሚስተር ሃያሺ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እኛም ሳናውቀው ቀና ቀና አልን። በኋላ ግን ሺንካንሰኑ ራሱ ካናዛዋ ደረሰ። ገደለውና ስሙንም ወረሰ። ገድሎ መውረስ ለኛ ታሪክ እንግዳ ስላልሆነ በዚህ የተደነቀ የለም።

ሲሸኙን ሚስተር ሃያሺ፣ አገሬ ለስንብቱ ካሜራ ይዞ ወጣ፣ ምግብ ይዞ የመጣው ግን የናንተ ሰው ብቻ ነው አሉኝ። እኔም አጎንብሼ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የአቶ ደምሴን ፌዝ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ሰንብተው ደወሉ፤ ድምፃቸው ኮስተር ብሏል። ጉባኤያቸው መክሮ፣ እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ የሚያውቅ የለም ብሎ፣ በኛ ሥር ለመግባት መወሰኑን ነገሩኝ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ አመሰገንኩ። አንድ ቅሬታ ግን አለን አሉ። ምንድን ነው አልኳቸው።

«ሰውየው በሰማንያ ሁለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞቱ፣ ለአሌክሳንድሪያ ለምን አልተነገረም?»