የእትዬ ፋጡማ ድመት የደም ውጤት

ሰው በሽታ ሲመጣበት መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት አምጪውን ይፈልጋል። አምጪው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ነው፤ ጎረቤት፣ እንግዳ፣ መንገደኛ። ዕድሜ ልኬን ስነግድ ያልቆጠርኩት ነገር የለም፤ "እኔ ነኝ ያመጣሁት" ያለ ሰው ግን ቆጥሬ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። እሱንም በስተርጅና።

ኮሮናው በረድ ማለት በጀመረበት ጊዜ፣ እኛ ሆጤ ሰፈር ከኮምቦልቻ አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጣች። በሽታው ወደ ቤት እንስሳት ተሻግሮ እንደሆነ ለማወቅ የውሻና የድመት ደም ትወስዳለች። የሰፈራችን ውሾች እንኳን ደም ሊሰጡ የሐኪሟን ደም ሊያፈሱ ምንም አልቀራቸውም። እሺ ብላ የተወጋች የእትዬ ፋጡማ ድመት ብቻ ናት። እትዬ ፋጡማ ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አረብ አገር ሄደው፣ ከዚያች ድመት ጋር ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳች። "ድመቷ ተይዛ ድናለች። በደሟ ያገኘነው በሽታውን ሳይሆን ሰውነቷ በሽታውን የተዋጋበትን ምልክት ነው።"

እኛ ጆሮ የደረሰው "ተይዛ" የሚለው ብቻ ነው። "ድናለች" መንገድ ላይ ቀረ።

ቀብርና ሐዘን የምንረዳዳበት ቅሬያችን ስለ ድመት ተሰበሰበ፤ ሐኪሟንም ጠራናት። ከእትዬ ፋጡማ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ሐሰን ቀድሞ ተነሳ።

"እትዬ፣ ወላሂ ለእርስዎ ብለን ነው። ቦሩ ሜዳ ወስደን እንልቀቃት፤ እዚያ አይጥ ሞልቷል።"

"አብረሃት ሂዳ" አሉት። "አይጡ ለሁለት ይበቃል።"

ሳቅን። ሳቅ ግን ሐሳብ አያስቀይርም። "ትሂድ" የሚሉ እጆች ተነሱና መቁጠር ጀመርኩ። ግማሹን አልፌ ሳለሁ ሐኪሟ ጣልቃ ገባች።

"ድመት እኮ ብዙውን ጊዜ የሚይዛት ከሰው ነው።"

እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

"ከእኔ ነው የያዛት" አሉ እትዬ ፋጡማ። "ባለፈው ክረምት ትኩሳት ሲጥለኝ በአጥር ነገርኳችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትሉ ሰምቼ አልደበቅኩም። ማን መጣ? ደረቴ ላይ ተኝታ ያስታመመችኝ እሷ ናት።"

በእኛ ቅሬ የታመመ ጎረቤቱን ያልጠየቀ ይወቀሳል። ስለዚህ እጅ መቁጠሩን ትቼ ጠያቂ ቆጠርኩ። አንድ ጣት ሳላጥፍ ጨረስኩ። ያ ሁሉ እጅ ቀስ በቀስ ወደ ጋቢው ውስጥ ገባ፤ ድመቷን ዳግም ያነሳ አልነበረም።

በነጋታው ሐሰን፣ ለበሽተኛ እንደሚወሰደው፣ በፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሎ እትዬ ፋጡማ በር ላይ ቆሞ አየሁት።

"ለማን ነው?" አሉት።

"ለ... ለድመቷ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

እትዬ ፋጡማ ፌስታሉን ተቀበሉ፤ አንዱን ብርቱካን ላጡና ግማሹን ሰጡት።

"ግባ፤ አሁን ተኝታለች። እስክትነሳ እኛ እንብላላት።"