ሴትዮዋ ገና አልደረሰችም

ፊልም ሲራዘም ትናደዳላችሁ? እኔ እናደድ ነበር። ያውም ላላየሁት፣ ምናልባትም ለማላየው ፊልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ አንዳንዱ ሰው ኳስ ያያል፣ አንዳንዱ ለቅሶ ይደርሳል። እኔ ትሬይለር፣ ማለትም የፊልም ማስታወቂያ አያለሁ። ለዚያውም የሳይንስ ፊክሽን፤ ለዚያውም ትልቅ ኩባንያ የሌላቸው ሰዎች በተዋሱት ካሜራ የሚሠሩትን። የመንኮራኩሩ ግድግዳ ቀለም የተቀባ የእንቁላል ካርቶን መሆኑ ያስታውቃል። የጠፈር ልብሱ የንብ አርቢ ልብስ ነው። ቢሆንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ከዚያ ጨለም ይልና «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለእኔ ቀጠሮ የሰጡኝ ይመስል ልቤ ሞቅ ይላል።

ፊልሞቹ እንኳን ባሕር ዳር ሊመጡ፣ በተሠሩበት ሀገርም ያያቸው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «ይሄማ የጎረቤት ወጥ አሽትቶ ጠገብሁ ማለት ነው» ብሎ ስቆብኛል። ልክ ነው። ግን ብቻውን ለሚኖር ሰው የጎረቤት ወጥ ሽታ ምን እንደሆነ እሱ በምን ያውቃል? ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት።

እኔ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ባሕር ዳር ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው። ዘጌን በወረቀት ላይ እያንዳንዷን የእግር መንገድ አውቃታለሁ፤ በእግሬ የረገጥኋት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ከመሥሪያ ቤት ጋር። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። ለምን እንዳትሉኝ፤ እናቴ ጠይቃ ጠይቃ ደክሟታል። ጓደኞች ነበሩኝ። አንዱ አዲስ አበባ ተዛወረ፣ አንዱ ሐዋሳ። የቀሩት አገቡ፤ ማግባትም እኮ መዛወር ነው። እንግዲህ ብቸኛ ነኝ፤ ይኸው አልሁት።

የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል። ሚስት ስለሌለኝ ለአከራዬ ነገርሁ። ሙታን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ቤታቸው ስለሚደውሉበት አንድ ፊልም በጨዋታ መሐል አነሳሁላቸው። በማግስቱ ጠዋት በር አንኳኩተው በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ። ሰኞ ደግሞ «ወንዛዬ ወርደህ ፍል ውኃው ውስጥ ሦስት ቀን ተነከርበት፤ ጭንቅላት ያፍታታል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልም ከሳቸው ጋር አላወራም።

ቅዳሜ ከሰዓት ታዲያ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ከድጃ የምትባል ሴት ዓሣ የምትጠብስበት ቦታ አለ። ለጠየቀኝ ሁሉ «እዚያ ኔትዎርኩ ይሻላል» እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ኔትዎርኩ ሰበብ ነው። ሰው ሲያወራ እየሰማሁ መብላት ስለምፈልግ ነው።

የከድጃ አባት ጋሽ እንድሪስ እዚያው አጠገቧ ታንኳ ይሠራሉ። ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በልጥ እየጠፈሩ ታንኳ ያደርጉታል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጣታቸው ግን ከእኔ ጣት ይፈጥናል። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ ቢለያየን ዓሣ አይለያየንም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ትሬይለር እያየሁ ነበር። ዓለም ሁሉ በውኃ ተሸፍኗል። አንዲት ሴት ብቻዋን ቀርታለች። ከሸምበቆ መሰል ነገር ታንኳ ትሠራና ከሩቅ ወደሚታይ መብራት ትቀዝፋለች። ትድረስ አትድረስ ሳይታወቅ «በቅርብ ቀን»። ቀና ስል ጋሽ እንድሪስ በትከሻዬ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ይቺን ታንኳ ማን ነው የሠራላት?» አሉ።

ራሷ ናት አልኋቸው።

«ትሰጥማለች! ደንገሉ እርጥብ ነው፤ አረንጓዴ መሆኑን አታይም? ደንገል ሳይደርቅ ይታሰራል እንዴ? መሐል ሳትደርስ ውኃ ጠጥቶ ይዟት ይወርዳል። ንገራት እንጂ!»

ፊልም ነው ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ ብል፣ «በዚያው በያዝኸው ስልክ» አሉኝ። ምን ላድርግ? እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ከትሬይለሩ ሥር ጻፍሁ፦ ጣና ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ የሠሩ ሰው እንዳሉት ደንገሉ መድረቅ አለበት። አንድ የማናውቀው ሰው አውራ ጣት ሰጠን። ጋሽ እንድሪስ ያቺን አውራ ጣት ለሦስት ሳምንት ላገኙት ሰው ሁሉ አወሩ። እኔም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ገና ሳልቀመጥ «ደረሰች?» ይሉኛል። ገና ናት፣ ፊልሙ ተራዘመ እላለሁ። ለክረምት ተባለ፣ ተራዘመ። ለጥር ተባለ፣ ተራዘመ። እኔ እናደዳለሁ፤ እሳቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል። ሴትዮዋ ስንቅ ይዛለች ወይ? ነፋሱ ከየት በኩል ነው? መብራቱስ የሰው ነው የጅን? እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኝቼ እውላለሁ፤ ሰኞ ካርታዬን እስላለሁ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ለቅዳሜ የማወራውን አዘጋጃለሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋታ ይወዳሉ፣ ጊዜዬን ብሰጣቸው ጽድቅ ነው እያልሁ ራሴን ሳመሰግን ኖርሁ። ወይ እኔ!

ባለፈው የካቲት ፊልሙ ወጣ። አንድ ደግ ሰው ቴሌግራም ላይ ለቆት አገኘሁና በሬን ዘግቼ አየሁት። ምን አየሁ መሰላችሁ? ሴትዮዋ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ከማሽን ጋር ታወራለች። ውኃው የሚታየው በመስኮት ነው። ታንኳ የለም። ቆርጠው አውጥተውታል! ትሬይለሩ ላይ አሳይተውን፣ ሁለት ዓመት አስጠብቀውን፣ ፊልሙ ላይ የለም።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ቀጥሎ ፈራሁ። ቅዳሜ «ደረሰች?» ሲሉኝ ምን እላለሁ? አለቀ ካልሁ ሌላው ቅዳሜስ? ዓሣውን በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ወደ ቤቴ?

ዋሸሁ። «ተራዘመ ጋሼ» አልሁ። «እንኳን ተራዘመ» አሉና ስለ ነፋሱ ጠየቁኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ዋሸሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ በአራተኛው ቅዳሜ ውሸት መሆኑንም ረስቼው ነበር።

በአምስተኛው ቀደም ብዬ ደረስሁ። ጋሽ እንድሪስ ደንገል ሊያመጡ ወርደዋል። ከድጃ ዓሣውን እያገላበጠች እንደ ቀላል ነገር፣ «ፊልሙን እንዴት አዩት ጋሼ? አባባማ መሐሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው» አለችኝ።

የቱን ፊልም አልሁ።

«የሴትዮዋን ነዋ! ስልኬ ላይ አውርጄ አሳየሁት፤ ወር አልፎታል። ታንኳዋን ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለችም። ‹ሰሙን ማለት ነው፤ በእርጥብ ደንገል አልተሳፈረችም፣ አልሐምዱሊላህ› ብሎ ተነሣ።»

ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ደረሰች ወይ ብለው ይጠይቁኛል? ከድጃ ያመለጣት ገባትና መገልበጥ የማያስፈልገውን ዓሣ ገለበጠች።

«እርስዎ እንዳይከፋዎት ነው» አለች በመጨረሻ። «‹ያ ሰውዬ የሚያወራው ሰው የለውም፤ ሴትዮዋ ደረሰች ካልነው ምን ብሎ ይመጣል?› ይላል አባባ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲጠራ ዓይን እንደሚያቃጥል ግን ማንም አልነገረኝም። አፈርሁ። ለካ አጫዋቹ እኔ ሳልሆን እሳቸው ነበሩ፤ እኔ በእጃቸው የተያዝሁ አደራ ነበርሁ! ተነሥቼ ልሄድ አሰብሁ። ወዴት? ከአከራዬ ጠበል በቀር የሚጠብቀኝ ምን አለ? እያሰብሁ ሳለ ጋሽ እንድሪስ ደንገላቸውን ተሸክመው ብቅ አሉ። ሸክማቸውን አወረዱ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከድጃ ወደ እሳቱ ዞረች።

«እህ፣ ደረሰች?» አሉ።

ዓይናቸውን አየሁት። ዓይኔን አዩት። የነገረችኝን ሳይጠረጥሩ አልቀሩም፤ ጢማቸው ሥር ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ገና ናት ጋሼ» አልሁ። «አራዝመውታል።»

«ምን አስቸኮላት» አሉ፣ አንድ እርጥብ ደንገል አንሥተው እየዳበሱ። «ይድረቅላት። ዓሣህን ብላ፤ በረደ።»

በላሁ። እናንተ ፊልም ሠሪዎች ታዲያ፣ ይህ ነገር እንደምንም ጆሯችሁ ቢደርስ፣ ስላለፈው ንዴቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀን መግፋቱን እወቁበት፤ አትቸኩሉ። እዚህ ባሕር ዳር አንድ ሰው መስጊድ፣ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ፣ አንዲት ሴት እንዳትደርስ ይጸልያሉ።