እርሳስ የጠጣ እንቦጭ

(ያ ክረምት የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን የማይደርቅበት፣ ሰው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ የሚውልበት ነበር። ከባትሪ ቤቱ በታች ያለው ኩሬ ሞልቶ አጥሩ ሥር ደርሷል። ባትሪ ሠሪው እስከ ጉልበቱ ገብቶ እንቦጭ እየነቀለ ጆንያ ይሞላል። ታላቅ እህቱ ዳር ቆማለች። ነገር ቶሎ አይገባትም ብለው ቤተሰቡ «ዘገየች» ይሏታል፤ እሷም ለምዳዋለች።)

ዘገየች፦ ውጣ አልኩህ! የልጅ ልጅህ በላሟ ወተት ነው የሚያድገው። እሷ ጦሟን ውላለች፣ አንተ እዚህ ትንቦራጨቃለህ!

ባትሪ ሠሪ፦ ለእሷው እኮ ነው፣ እትዬ! ድርቆሹን ዝናብ አበሰበሰው። እንቦጩን ስሰጣት እሷም ትጠግባለች፣ ኩሬውም ይጸዳል። እርሳስ አለበት ብዬሻለሁ።

ዘገየች፦ የማን?

ባትሪ ሠሪ፦ እንዴት የማን?

ዘገየች፦ የተማሪ ነዋ። ምስኪን፣ አሁን በምን ይጽፋል?

ባትሪ ሠሪ፦ (ግንባሩን በጭቃ እጁ እየመታ) የሚጽፈው አይደለም! ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው! ከባድ ብረት፣ መርዝ!

ዘገየች፦ ውይ! ከባድ ከሆነ ማን ያወጣዋል?

ባትሪ ሠሪ፦ እንቦጩ። በሥሩ ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል።

ዘገየች፦ ያን ሁሉ ብረት ጠጥቶ አይሰምጥም?

ባትሪ ሠሪ፦ (እየሳቀ) ሟሙቶ እኮ ነው፣ ዓይን አያየውም! አይ እትዬ!

ዘገየች፦ አትሳቅብኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የምይዘው። ብረቱ ከውሃው ወጣ።

ባትሪ ሠሪ፦ ወጣ።

ዘገየች፦ እንቦጩ ውስጥ ገባ።

ባትሪ ሠሪ፦ ጎሽ!

ዘገየች፦ ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?

ባትሪ ሠሪ፦ የትም! ሥሩና ቅጠሉ ውስጥ ቁጭ ይላል።

ዘገየች፦ ቅጠሉን ላሟ ትበላለች።

ባትሪ ሠሪ፦ ግጥም አድርጋ!

ዘገየች፦ ወተቷን ሕፃኑ ይጠጣል።

ባትሪ ሠሪ፦ አሳምሮ! ጡጦውን እኮ ሲይዝ… (ጆንያው ከእጁ ያመልጣል።)

ዘገየች፦ እንግዲህ ልጁ ብረት ጠጥቶ ሲከብድ አንተው እዘለው። የእኔ ወገብ አይችልም።

ባትሪ ሠሪ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እትዬ… አንዲትም ቅጠል አልቀመሰችም፤ ዛሬ ልጀምርላት ነበር። አደራሽን፣ ለማንም አትንገሪ።

ዘገየች፦ ምኑን? እኔ እኮ ገና አልገባኝም።

(እንቦጩ በርሜል ውስጥ ተከደነ። ላሟ ከጎረቤት በተለመነ ድርቆሽ ክረምቱን ወጣች። ባትሪ ሠሪው በዓመቱ ሱቁን ዘግቶ ከልጁ ጋር ወደ ወደብ ከተማ ሄደ። መጨረሻ እንደተሰማው፣ እዚያ የአንድ መርከብ መጠገኛ በር ጠባቂ ነው።)