ቀጥ ብሎ የቆመው በረት

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በቃል ይጀመራሉ፤ ከሁሉ የሚልቁት ደግሞ እዚያው ቃሉ ላይ ያልቃሉ። የጡረተኛው ኃላፊ በረት የዚህ የከፍተኛው ወገን ነበር።

ኃላፊው ዕድሜ ልካቸውን አንድ መሥሪያ ቤት መርተው፣ መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ (ማን አስዘጋው እንዳትሉኝ) ከከተማ ዳር ወዳለችው የሚስታቸው እርሻ ገብተው አረፉ። ዝናቸው በትእዛዝ አጭርነት ነው። “ይታይ።” “ይጣራ።” “ይቆይ።” ከአንድ ቃል አልፈው አያውቁም። “ቃል ሲበዛ ክብር ይቀንሳል” ይላሉ፤ ይህችን ለማስረዳት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

ሚስታቸው ስለ ክብር ሳይሆን ስለ ድርቆሽ ነበር የሚጨነቁት። አምና ድርቆሹ ሜዳ ላይ ዝናብ በልቶት በስብሶ፣ ከሁለቱ ላሞቻቸው አንዷ አጥንቷ ገጥጦ ሞታባቸዋለች። የቀረችው ቡሬ ላም መውለጃዋ ደርሷል። ሰማዩም ጠቁሯል።

“አንተ ሰውዬ፣ ጥቂት አጣና ተክለህ ቆርቆሮ ጣል አድርግበትና ገላግለን” አሉ።

“ጥቂት አጣና!” ኃላፊው ከልባቸው አዘኑ። “ይኼ እኮ ሁለገብ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ነው። ደግሞም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።”

“እኛ መች ታጠቅንና ነው የሚፈታው!”

አጣና ሊገዙ የሄዱ ዕለት በነጋዴው ግቢ ታሪክ ተሠራ። ተራ ሰው አጣና ሲገዛ በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ ጫፉን አይቶ ያስጭናል። ኃላፊው ግን አጣናዎቹን አንድ በአንድ ግድግዳ አስደግፈው፣ ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

“ቋሚ ነው ማገር የሚፈልጉት?” አለ ነጋዴው።

“ቋሚ። ዕድሜዬን ሙሉ ቋሚ ስቀጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይኼኛው ለምንድን ነው አንገቱን የሚሰብረው?”

“ጋሼ፣ እንጨት እኮ ነው።”

“ይቆይ። ያኛውስ?”

“እሱ ቀጥ ያለ ነው።”

“ከመጠን በላይ ቀጥ ያለ ለሥራ አይመችም። ይጣራ።”

ሲያጣሩ ዋሉ። ወገባቸውን ሲያማቸው ነጋዴው በሩ አጠገብ የተከመረውን፣ ጨርሶ ያላዩትን፣ አንስቶ ጫነላቸው። ኃላፊውም የራሳቸው ምርጫ መሆኑን ሲያዩት ለዩት፤ ዐይን አላቸዋ!

የአናጢው ቅጥርም እንዲሁ በፈተና ሆነ።

“ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ?”

“ጣራ ላይ ነዋ፣ ካልወደቅሁ።”

“ያለ አለቃ ትእዛዝ ሠርተህ ታውቃለህ?”

አናጢው ብልህ ነው፤ ከእሱ በፊት የመጡት ለምን እንደተመለሱ ሰምቷል። “እኔ? ያለ ትእዛዝ አላዛጋም!” አለ። እዚያው ከነቀን ሠራተኞቹ ተቀጠረ።

“እንግዲያው ጉድጓድ ቆፍሩ። የቀረውን በስልክ አዛለሁ” ብለው ኃላፊው ወደ ከተማ ገሰገሱ። በረቱ ሳይጀመር ምረቃው መጠናቀቅ ነበረበት። የድሮ ባልደረቦቻቸውን ሊጠሩ፣ የድሮ አለቃቸውን ዋና ሥራ አስኪያጁን ደጅ ሊጠኑ፣ ሪባንና መቀስ ሊገዙ ሄዱ። አቤት አርቆ ማሰብ!

የመጨረሻው ጉድጓድ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የአናጢው ስልክ ጮኸ።

“አቁሙ።” ተዘጋ።

እስቲ ፍረዱ። ቋንቋችን ባለጸጋ ነው፤ ምሰሶም ይቆማል፣ ሥራም ይቆማል፣ ሁለቱንም የምታዝ ቃል አንዲት ናት። ሌላ ሰው ቢሆን “ምሰሶዎቹን” የምትል ጣል ያደርግባት ነበር። ለኃላፊው ግን ክብራቸውስ? አናጢው አካፋውን ጥሎ “አቁሙ ተብሏል!” ሲል፣ ሠራተኞቹ ዛፉ ሥር ለመጋደም ሁለተኛ ትእዛዝ አልጠበቁም።

በማግሥቱ ኃላፊው ደወሉ።

“አቆማችሁ?”

“ወዲያው ነዋ ጌታዬ።”

“ቀጥ ብሏል?”

“ቀጥ ነው ያለው!”

“ንቅንቅ አይልም?”

“ኧረ ንቅንቅ የሚል የለም! እኔ ራሴ እየጠበቅሁ ነው።”

“ሰው ማለት እንዳንተ ነው” አሉ ኃላፊው።

አናጢው ስልኩን ትክ ብሎ አየው። ሲሠራ ተሰድቦ ያውቃል እንጂ ቆሞ ተመስግኖ አያውቅም። “እንዲህ ያለውን አለቃ ዕድሜ ይስጥልን” አለና ተመልሶ ተጋደመ።

ሚስትየው መጥተው ራስጌው ቆሙ። “አንተ! ተነስና ቀጥል እንጂ!”

“ያለ ጋሼ ቃል? ሥራዬን ያሳጡኛል እትዬ።”

“የትኛውን ሥራ?”

“የቆመውን።”

ቢቸግራቸው ለባላቸው ደወሉ። “ሥራው ቆሟል እኮ!”

“አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ደስ አይልም?”

“ደስ? ዝናቡ ደረሰ እያልኩህ!”

“ታዲያ ለዝናቡ ብዬ አይደል እንዴ!”

ሚስትየው ስልኩን ዘጉ። ባላቸው ለይቶላቸዋል። ያቺ የሞተችው ላም ዐይኗ መጣባቸውና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ቡሬዋንም እንዲሁ ቆሜ ላያት ነው? ኧረ በጭራሽ! ዞር ሲሉ ቤታቸውን አዩት። ሳሎኑን ኃላፊው “ለስብሰባ” ብለው በሰፊው ያሠሩት ነው፤ ስብሰባ አልመጣም እንጂ ጣራውስ አያፈስም።

“ስማ” አሉት አናጢውን፤ “አቁም ነው የተባልከው እንጂ አትሸከም አልተባልክም አይደል?”

አናጢው አሰበ። “እሱን አላነሱም።”

“እንግዲያው ድርቆሹን አንሳ!”

ድርቆሹ ሳሎን ገብቶ ጣራ ነካ። ቡሬዋም ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኛች፤ እዚያው በሰላም ወለደች። ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

የምረቃው ቀን ኃላፊው እንግዶቻቸውን በመኪና አስከትለው ደረሱ። ዶፉ አላቆመም፤ እሱን ያዘዘው የለም። ከመኪናው ወርደው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ከፊታችሁ ቀጥ ብሎ የቆመው...” ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው የጠቆመው ውኃ ወደ ሞላባቸው ጉድጓዶችና ጭቃ ላይ ወደ ተንጋለሉት አጣናዎች ነበር።

“የታለ?” አሉ ለአናጢው፣ በሹክሹክታ።

“አቁሙ ብለውኝ እኮ አቆምኩ!”

ኃላፊው ገባቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። እንግዶቹ ግን ዝናቡ አጣድፏቸው ወደ ቤቱ ሮጡ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ። ድርቆሹ እስከ ጣራ ተደርድሯል። ላሚቱ ሶፋውን ተደግፋ ታመሰኩታለች፤ ጥጃዋ ትጠባለች። ከራሷ በላይ በክፈፍ የተሰቀለ የኃላፊው የጡረታ ሽኝት ፎቶ አለ።

“ግሩም!” አሉ። “መጋረጃ! የግድግዳ ሰዓት! የአስተዳደሩ ፎቶ እንኳ ሳይቀር! እኔ ብዙ በረት መርቄአለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም።” ሪባኑ በሩ ላይ ተወጥሮ ተቆረጠ። ጭብጨባው ጥጃዋን አስደነገጣት።

“መቼም ለከብት እንዲህ የተጨነቀ ሰው” አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ “ለራሱ የሠራው መኖሪያ እንዴት ያለ ይሆን? የታለ እስቲ፣ አሳዩን።”

ኃላፊው አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ አንድ ቃል እንኳ ጠፋቻቸው።

ሚስትየው ናቸው የመለሱት። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ በመስኮቱ ጉድጓዶቹንና ጭቃ ላይ የተጋደሙትን አጣናዎች አሳዩ።

“የእኛማ ያውላችሁ” አሉ፤ “ኃላፊው ራሳቸው አዘውበት፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።”