ክቡር ሩሎፍና የአባዬ የእንጨት ጫማ

የሰው ዕቃ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ አንድ ሰው ከየትም መንደር አይጠፋም። በግሮኒንገን ገጠር ላለችው መንደራችን ይህ ሹመት የክቡር አቶ ሩሎፍ ነው። የእንጨት ጫማ ሙዚየማችን ጠባቂ፣ አስጎብኚና ጠራጊ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን ለማኝ ናቸው።

እኛ ዘንድ የእንጨት ጫማ ከኋላ በር ውጭ ይወልቃል፤ ቤት የሚገባው በካልሲ ነው። ማን ቤት እንዳለ የሚታወቀውም በሩ ላይ ባለው ጫማ ነው። ሌላው እሱን አይቶ ያንኳኳል። ክቡርነታቸው ግን ጫማውን ገልብጠው ይመረምራሉ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሊወጣ ሲል ጫማውን አጣ፤ ለካ እሳቸው አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለው የጠራቢውን የመሮ ምልክት እያዩ ኖሯል።

"ስትሞት ለእኛ ነው፣ እሺ?" አሉት።

"ባልሞትስ?"

"ችግር የለም። ሙዚየም አይቸኩልም።"

አባዬ የተቀበረ ዕለት ከቀብር መልስ የሚቀርበው ኬክ ሳይቆረስ ወደ እማዬ ጠጋ አሉ። "ሂልየ፣ የኼርት ጫማ…"

"አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም? እዚያው በሩ ላይ ይቀመጣል!"

"ይቀመጥ፤ ሙዚየም አይቸኩልም።"

ጫማው ለዓመታት ከእማዬ ጫማ ጎን ኖረ። ሲዘንብ ውሃ እንዳይሞላው ትደፋዋለች፤ ሲያባራ ታቃናዋለች። ዘንድሮ ጉልበቷ ከዳትና አረጋውያን መኖሪያ ልትገባ ሆነ። እዚያ የኋላ በር የለም፤ ሁሉም በር ወደ ኮሪደር ነው የሚከፈተው።

"ጫማውን የት ላድርገው? ሙዚየም ገብቶ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት?" ብላ አለቀሰች። ጨነቀኝ። ሳልወድ አቶ ሩሎፍን ጠራሁ። መጡና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ገልብጠው ሳይመረምሩ አቅፈውት ሄዱ።

ባለፈው እሑድ እማዬን ይዤ ሙዚየም ሄድኩ። የአገሩን ጫማ ሁሉ አየን፤ የአባዬ የለም። ደሜ ፈላ።

"የአባቴ ጫማ የታለ? የትም ጣሉት?"

"ቀስ በል" አሉና በኋላ በር ይዘውን ወጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ደጃፉ ላይ ከእሳቸው ጫማ ጎን የአባዬ ጫማ ተደፍቷል።

እማዬ ጎንበስ ብላ አቃናችው። "እዚህ ገብቷላ" አለች።

ሰውዬው ዓይናቸውን ጠራረጉ፤ ወዲያው ደግሞ የእኔን ጫማ ማየት ጀመሩ። "የአኻያ እንጨት ነው አይደል? ግድ የለም፣ ሙዚየም አይቸኩልም።"

"እርስዎም አይቸኩሉ" አልኳቸው። ከልቤ ነው።